ባለቤቱ የጠፋ ፓኬጅ፣ ማን አነሳው?

ያይ የሚባለውን የአርች ሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ ከፍታችሁ አፕዴት ስታደርጉ "ኦርፋን" (ባለቤት አልባ) የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣና ሁለት ሶስት የፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ስም ይደረድራል፣ እኛ ደግሞ ሳናነበው ኢንተር ብለን እናልፋለን። እዚህ ጅማ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ ማንጃሮ፣ አርች ምናምን የሚባሉ የሊኑክስ ዓይነቶችን የጫኑ የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ልጆች አሉ፣ ከነሱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ቲቸር ኦርፋን ይለኛል፣ ላጥፋው ወይስ ችግር የለውም?" አጭሯ መልስ፣ ኦርፋን ስለሆነ ብቻ አታጥፋው፣ ይልቅ አዲስ ባለቤት ያገኘ ቀን ነው ዓይንህን መክፈት ያለብህ። ለምን እንደዛ እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ፣ ታገሱኝ። የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማስጠንቀቂያው የሚያወራው የኤዩአር ፓኬጆችን ነው፣ መጀመሪያ ኤዩአር ምንድነው። አርች ሊኑክስ ኦፊሻል ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) አለው፣ እሱን ፕሮጀክቱ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው የሚያዘጋጁት፣ ፓኬጁም የነሱ ዲጂታል ፊርማ አለበት። ኤዩአር ግን ተጠቃሚ ለተጠቃሚ የሚያስቀምጥበት ነው፣ አካውንት የከፈተ ሁሉ ይገባበታል። እዛ የሚቀመጠው ደግሞ ያለቀለት ፕሮግራም ሳይሆን አሰራሩ የተጻፈበት ፋይል ነው፣ ኮዱ ከየት እንደሚወርድ፣ እንዴት እንደሚገነባ፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚገባ የሚናገር፣ ፒኬጂቢዩልድ ይሉታል። ይሄ ፋይል ተራ የባሽ ስክሪፕት ነው፣ ማለትም እናንተ ማሽን ላይ በናንተ አካውንት የፈለገውን ማድረግ ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። አብሮት ደግሞ መጨረሻው "ኢንስቶል" የሚል ሌላ ትንሽ ፋይል ሊመጣ ይችላል፣ እሱ ፓኬጁ ሲጫን በሩት (ሁሉን በሚችለው የማሽኑ አካውንት) ስልጣን ነው የሚሮጠው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

እያንዳንዱ ፓኬጅ ገጹ ላይ የሜንቴይነር፣ የሚንከባከበው ሰው፣ ስም አለው። ሰውየው ስራ ይይዛል፣ ላፕቶፑን ወደ ማክ ይቀይራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ይታመማል፣ ወይ በቃ ይሰለቸዋል፣ ክፍያ የለው ውል የለው፣ ማንም "የት ገባህ" የሚለው የለም። ፓኬጁ ግን እዛው ይቀራል።

ባለቤቱ ጠፋ ስንል ደግሞ ሁለት የተለያየ ሰው ነው ሊጠፋ የሚችለው፣ ብዙ ሰው ይሄን ያምታታዋል። አንዱ ፕሮግራሙን የጻፈው ነው፣ አፕስትሪም የሚሉት። ሌላኛው ፕሮግራሙን ለአርች ወይም ለደብያን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) እንዲመች አድርጎ የሚያሽገው፣ ሜንቴይነሩ ነው። ጸሃፊው እያለ አሻጊው ከጠፋ ነገሩ ቀላል ነው፣ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ቁጥሩን የሚቀይርና ቼክሰሙን (የወረደው ፋይል እንዳልተነካካ የሚረጋገጥበትን ቁጥር) የሚያድስ አንድ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ትጉህ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይበቃል። አሻጊው እያለ ጸሃፊው ሲጠፋ ግን ጉድ ነው፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) ሲታደስ ወይ አንድ ላይብረሪ ሲቀየር ፕሮግራሙ አልገነባም ይላል፣ አሻጊው ሳይወድ በግዱ ፕሮግራመር ይሆናል፣ ፓች (የጥገና ኮድ) ላይ ፓች እየለጠፈ ይከርማል፣ አንድ ቀን እሱም ይደክመውና ይተወዋል። ሁለቱም የጠፉበት ፓኬጅ ላይ ጥያቄው ማን ይረከበው ሳይሆን ጭራሽ ቢቀርስ ነው፣ በተለይ ኢንተርኔት የሚነካ ነገር ከሆነ፣ የሴኪዩሪቲ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው ሰው የለማ።

እዚህ ጋ ግን ቀኑን ብቻ አይታችሁ "ሞቷል" አትበሉ። አራት ዓመት ያልተነካ ሁሉ የተጣለ አይደለም፣ ያለቀለት ነገር አለ። የግዕዝ ፎንት ፓኬጅ አንዴ በትክክል ከታሸገ፣ ፎንቱ ላይ አዲስ ነገር እስካልተጨመረ ድረስ ምኑ ይታደሳል? አፕስትሪሙ አዲስ ቨርዥን አውጥቶ ፓኬጁ አሮጌው ላይ ተቸክሎ፣ ከታች ሰው "አይገነባም" "ሊንኩ አይሰራም" እያለ ኮሜንት እየጻፈ መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ግን እሱ ነው የተጣለ የሚባለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ስሙ የታወቀ ሱቅ ባለቤቱ ድንገት ጥሎት ቢሄድና ቁልፉ በሩ ላይ ቢቀር፣ ያን ቁልፍ ያነሳ ሰው የሚያገኘው መደርደሪያውን ብቻ አይደለም፣ ነገ ጠዋት መጥቶ ምንም ሳይጠይቅ ብር የሚዘረጋውን ደንበኛም ጭምር ነው። የተጣለ ፓኬጅ ላይም ውዱ ነገር ኮዱ አይደለም፣ ኮዱን ማንም ኮፒ ማድረግ ይችላል። ውዱ ስሙ ነው። ከዓመታት በፊት በዛ ስም የጫኑት ሰዎች ማሽናቸው አፕዴት ሲደረግ ያንኑ ስም ጠርቶ ነው አዲሱን የሚያወርደው፣ ባለቤቱ ይቀየር አይቀየር የሚያውቁት ነገር የለም፣ ፈቃድም አይጠየቁም። ለዚህ ነው ዝም ብሎ የተቀመጠ ኦርፋን ፓኬጅ ያን ያህል የማያስፈራኝ። እሱ ቀስ እያለ ነው የሚበላሸው፣ አንድ ቀን አልገነባም ይላል በቃ። ቅርብ ጊዜ እጅ የቀየረ ፓኬጅ ግን በአንድ ሌሊት ማሽናችሁ ውስጥ ሌላ ሰው ሊያስገባ ይችላል።

ይሄ የኔ ስጋት ብቻ አይደለም፣ ሆኗል። በጁላይ 2018 ኤዩአር ላይ አክሮሪድ የሚባል ፓኬጅ ነበረ፣ የአዶቢ የፒዲኤፍ ማንበቢያ የሊኑክሱ። አዶቢ ለሊኑክስ መስራቱን ከተወው ቆይቷል፣ ፓኬጁም ኦርፋን ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሰው ገብቶ "አዶፕት" (ልረከበው) የምትለውን በተን ተጫነ፣ የሱ ሆነ። ከዛ ስክሪፕቱ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ፣ ከርል በሚባለው ማውረጃ ከአንድ የጽሁፍ ማስቀመጫ ሳይት ሌላ ስክሪፕት አውርዶ ወዲያው የሚያስኬድ። የወረደው ደግሞ ሁለተኛ ፋይል አምጥቶ በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ስራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው) በየ360 ሰከንዱ እንዲነሳ ያደርገዋል፣ በየስድስት ደቂቃው ማለት ነው፣ ስራውም የማሽኑን መረጃ መሰብሰብና ወደ ውጪ ለመላክ መሞከር። ሌሎች ሁለት ፓኬጆች ላይም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ቶሎ ስለታየ ተመለሰ፣ አካውንቱም ተዘጋ። አስቡት ግን፣ የተጠቀመው ምንም የረቀቀ ዘዴ የለም፣ ፓስወርድ አልሰበረም፣ ሰርቨር አልሰረቀም። ህጉ የፈቀደለትን አንድ በተን ነው የተጫነው።

በጁላይ 2025 ደግሞ እዛው ኤዩአር ላይ የፋየርፎክስ፣ የሊብረዎልፍና የዜን ብራውዘር ማሻሻያ መስለው ሶስት ፓኬጆች ገብተው ማሽን በርቀት የሚቆጣጠር ማልዌር ተገኘባቸው፣ ሁለት ቀን ገደማ ቆይተው ነው የተነሱት። ልዩነቱን አያችሁት? እነዚህ አዲስ ስም ስለሆኑ ሰው ፈልጎ ካልጫናቸው ማንንም አይነኩም። የድሮ ፓኬጅ የወሰደ ሰው ግን ተጠቂ መፈለግ አይጠበቅበትም፣ ተጠቂዎቹ ራሳቸው አፕዴት ብለው ይመጡለታል።

እና ህጉ ምን ይላል? ኤዩአር ላይ ሶስት መንገድ አለ። ሜንቴይነሩ ራሱ "ትቼዋለሁ" ብሎ ከለቀቀው ወዲያውኑ ኦርፋን ይሆናል፣ የመጀመሪያው አዶፕት ያለ ሰው ይወስደዋል፣ ጥያቄ የለ ፈተና የለ። ሳይለቅ ከጠፋ ደግሞ ማንም አካውንት ያለው ሰው የኦርፋን ጥያቄ ማስገባት ይችላል፣ ሜንቴይነሩ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፣ መልስ ከሌለው ፓኬጅ ሜንቴይነርስ የሚባሉት ሃላፊዎች (እስከ 2023 ትረስትድ ዩዘርስ ነበር ስማቸው) አይተው ይፈቅዳሉ። ፓኬጁ "ጊዜው አልፏል" ተብሎ ምልክት ከተደረገበት 180 ቀን ካለፈው ግን ጥያቄው ሰው እንኳን ሳያየው በራሱ ተቀባይነት ያገኛል። ከዚህ ሌላ የማጥፋትና ወደ ሌላ ፓኬጅ የመቀላቀል ጥያቄም አለ።

እኔ ስለዚህ ህግ ያለኝን ሃሳብ ልናገር፣ 180 ቀኗ ትክክል ናት፣ ስድስት ወር ሙሉ ዞር ብሎ ያላየ ሰው ንብረቴ ተወሰደ ማለት አይችልም። የማልወደው ያቺን አዶፕት በተን ነው። አካውንቱ ትናንት ይከፈት ከአስር ዓመት በፊት ይከፈት እኩል ነው። ቢያንስ ብዙ ተጠቃሚ ያለው ፓኬጅ ላይ የጥቂት ቀን ቆይታ ቢኖር ምን ነበረበት? መልሳቸው ግን ይገባኛል፣ ኤዩአር ከመጀመሪያውም "ሳታነቡ አትጫኑ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ዋስትና እሰጣለሁ ብሎ አያውቅም።

ሌላ ቦታ ይሄን ነገር በጣም ነው የሚያንዛዙት፣ በጥሩ ጎኑ። ደብያንን እዩ። እዛ ፓኬጅ ሲተው እንደ ባግ (የችግር ሪፖርት) ይመዘገባል፣ የባጉ ርዕስ ላይ በፊደል ምልክት ይደረግበታል፣ ተትቷል የሚል አለ፣ ተረካቢ እየፈለግኩ ነው ግን ገና አልለቀቅኩም የሚል አለ፣ እርዳታ ብቻ እፈልጋለሁ የሚልም አለ። ይሄ ሶስተኛው ደስ ይለኛል፣ ሰው ከመጥፋቱ በፊት "ከበደኝ" የሚልበት ቦታ ነው። የተተወው ፓኬጅ ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ስሙ ወደ ደብያን ኪውኤ (የጥራት) ቡድን ይዞርና ወራሽ እስኪገኝ እነሱ ስር ይቆያል። ሜንቴይነሩ ሳይለቅ ዝም ካለስ? ከ2018 ጀምሮ ማዳን የሚባል ሂደት አለ፣ ሊረከብ የፈለገው ሰው "ይሄን ፓኬጅ ላድነው ነው" ብሎ በግልጽ ባግ ይከፍታል፣ 21 ቀን ይጠብቃል፣ ተቃውሞ ከሌለ ይልካል፣ የላከውም ቢያንስ ሰባት ቀን ወረፋ ላይ ተቀምጦ ነው የሚገባው፣ ያ ሁሉ ባለቤቱ ከተኛበት ቢነቃ እንዲያቆመው ነው። አንድ ወር ገደማ ማለት ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን በዛ ሁሉ ጊዜ ነገሩ ሰው ፊት ነው የሚካሄደው፣ ሌባ ደግሞ ሰው ፊት መቆም አይወድም። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም ይሄኛው ነው የሚመቸኝ።

ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ኦርፋን የሆነውን ስድስት ሳምንት ጠብቆ ወራሽ ካጣ ያሰናብተዋል። ጄንቱ የሚባለው ሊኑክስ የመጨረሻ ስንብት ብሎ ያውጅና ፓኬጁን እንዳይጫን አግዶ 30 ቀን ካስቀመጠው በኋላ ያጠፋዋል። ፐርል የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰዎች ደግሞ "አዶፕትሚ" የሚባል የይስሙላ ተጠቃሚ አላቸው፣ ሞጁላችሁን መልቀቅ ስትፈልጉ ለሱ ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ ያንን ያየ ሁሉ ተረካቢ እንደሚፈለግ ያውቃል።

ፓይፒአይ፣ የፓይተን ቋንቋ የፓኬጅ ማከማቻው፣ ፔፕ 541 የሚባል ደንብ አለው። አንድ ፕሮጀክት ተጥሏል ለማለት ባለቤቱ መገኘት የለበትም፣ ባለፉት 12 ወራት ምንም ያወጣው ነገር መኖር የለበትም፣ ፕሮጀክቱ ገጽ ላይም እንቅስቃሴው መታየት የለበትም፣ ሶስቱም ባንዴ። ባለቤቱን ቢያንስ ሶስት ጊዜ ይፈልጉታል፣ ስድስት ሳምንት ድረስ። ከዛም ልረከብ ያለው ሰው ራሱ ሞክሮ እንዳላገኘው ማሳየት አለበት፣ በራሱ ፎርክ (ለራሱ ገልብጦ በያዘው ኮድ) ላይ የሰራውን ስራ ማሳየት አለበት፣ ለምን በሌላ ስም ማውጣት እንደማይበቃውም ማስረዳት አለበት። ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ብዙ ጊዜ እኮ ይበቃል! ስራው ከሆነ የምትፈልገው ፎርክ አድርገህ በአዲስ ስም አውጣው፣ ሰው ወዶ ይመጣል። ስሙን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ሙጭጭ የሚል ሰው በቂ ምክንያት ከሌለው እኔን ይከነክነኛል።

ደንብ ጥብቅ ስለሆነ ግን ሁሌ ያድናል ማለት አይደለም። ሜይ 2022 ላይ እዛው ፓይፒአይ ሲቲኤክስ የሚባል ከ2014 ጀምሮ ያልተነካ ፓኬጅ ነበረ። የባለቤቱ ኢሜይል በራሱ ዶሜይን ላይ ነበር፣ ዶሜይኑ ክፍያው አለፈ፣ ሌላ ሰው ገዛው፣ ያንኑ የኢሜይል አድራሻ እንደገና ፈጠረ፣ "ፓስወርድ ረሳሁ" አለ፣ ገባ። ከዛ የጫነውን ሰው ማሽን ላይ ያሉ የሚስጥር ቁልፎችን የሚልክ ቨርዥን አወጣ። የትኛውንም ኮሚቴ መጠየቅ አላስፈለገውም። ስለዚህ በራሳችሁ ዶሜይን ኢሜይል የከፈታችሁ ካላችሁ፣ ዶሜይኑን ከመተዋችሁ በፊት በሱ የተከፈተውን አካውንት ሁሉ ኢሜይሉን ቀይሩ፣ የፓኬጅ ብቻ አይደለም፣ የባንክም።

ሌላ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በደስታ የሚያስረክብበት አለ። ኢቨንት ስትሪም የሚባል የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ማከማቻው) ፓኬጅ በሳምንት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይወርድ ነበር፣ የጻፈው ሰው ራሱ ግን መጠቀሙን ካቆመ ዓመታት አልፎታል። በ2018 አንድ የማይታወቅ ሰው "ልርዳህ" አለው፣ ሰጠው። ማን አይሰጥም? ተረካቢው መጀመሪያ ትንንሽ ጥሩ ነገሮችን ሰራ፣ ከዛ ፓኬጁን አንድ ሌላ ትንሽ ፓኬጅ ላይ ጥገኛ አደረገው፣ እሷ ውስጥ ኮፔይ ከሚባለው የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ተደብቆ ነበር፣ እስከ ኖቬምበር ማንም አላየውም። ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኤክስዜድ አልተጣለም ነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ነበር እንጂ። በ2022 ይሄው ሰው፣ ላሴ ኮሊን፣ ደክሞኛል፣ የአእምሮ ጤንነቴም ጥሩ አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል፣ ከየት መጡ የማይባሉ አካውንቶች ደግሞ "ፕሮጀክቱ ሞቷል፣ ለሌላ ሰው ስጠው" እያሉ ይጫኑት ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘው ሰው ሁለት ዓመት ገደማ በትህትና ሲሰራ ቆይቶ ስልጣን አገኘ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው 5.6.0 ውስጥ ማሽን ውስጥ ከርቀት የሚገባበትን የኤስኤስኤች መግቢያ የሚከፍት የኋላ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተውሎ፣ ማርች 29 2024 አሳወቀ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ የሞባይል ዳታ ላይ ሆነን ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይም ኔትወርኩን ነው የምንረግመው።

ከኤክስዜድ የምወስደው ነገር፣ "ይሄ ፓኬጅ ተጥሏል" የሚለው ጩኸት ራሱ መሳሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ኦርፋን ጥያቄ ሲገባ ሃላፊዎቹ ቀስ ቢሉ አትሳደቡ።

ማጥፋትስ ለምን አይቀልም? ልጆቹ "ማንም ካልያዘው ለምን አይሰርዙትም" ይሉኛል። በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የሚባል የኤንፒኤም ፓኬጅ፣ 11 መስመር ኮድ ብቻ፣ ጽሁፍ በግራ በኩል ክፍተት የሚሞላ፣ ባለቤቱ በሌላ ፓኬጅ ስም ተጣልቶ ተናዶ ያለውን ሁሉ ሲያነሳ አብሮ ተነሳ። ቤብል የሚባለው ትልቅ መሳሪያ በተዘዋዋሪ እሱ ላይ ጥገኛ ስለነበር ስንት ቦታ ግንባታ ቀጥ አለ፣ ኤንፒኤም ራሱ ጣልቃ ገብቶ መመለስ ነበረበት፣ ከዛ በኋላ ማንሳትን የሚገድብ ህግ አወጡ። አንድ ፓኬጅ ከመጥፋቱ በፊት ማን ላዩ ላይ እንደቆመ መታየት አለበት፣ ነገሩ ይሄው ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ የአርች ተጠቃሚ ልብ የማይለው ነገር። ኦፊሻል ሪፖ ውስጥ ያለ ፓኬጅም ይተዋል። አርች ፓይተን 2ን በሴፕቴምበር 2022 ከሪፖው አውጥቶታል ለምሳሌ። ከሪፖ ሲወጣ ግን ከናንተ ማሽን ላይ አይወጣም፣ ፓክማን (የአርች ዋናው ፓኬጅ መጫኛ) አይነካውም፣ እዛው ይቀመጣል። ከዛ ያይን ስትከፍቱ ያይ ያያል፣ "ይሄ ፓኬጅ ኦፊሻል ውስጥ የለም፣ እንግዲህ የኤዩአር ይሆናል" ይላል፣ በዛው ስም ኤዩአር ላይ ማንም ያስቀመጠው ነገር ካለ እንደ አፕዴት ያቀርብላችኋል። በፊርማ ታሽጎ የገባ ፓኬጅ በማታውቁት ሰው ስክሪፕት ሊተካ ነው ማለት ነው፣ እናንተ ደግሞ ኤዩአር ጫንኩ ብላችሁ አስባችሁም አታውቁም። ፓክማንን ከሪፖ ውጪ ያሉትን ብቻ እንዲዘረዝር ማድረግ ይቻላል፣ ሰረዝ፣ ትልቁ ኪው፣ ትንሿ ኤም ነው ምልክቱ። አንዴ አስኪዱትና ዝርዝሩን እዩ፣ መቼ እንደገባ የማታስታውሱት ስም ካለ ከሱ ጀምሩ፣ የማትጠቀሙበትን አውጡት። ደብያን ላይ ያላችሁ ደግሞ ዴቭስክሪፕትስ የሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ደብሊውኤንፒፒ አለርት የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ከጫናችሁት ውስጥ የትኛው እንደተተወ ትነግራችኋለች።

አፕዴቱን ማንበብን በተመለከተ፣ አውቃለሁ፣ መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉንም ባንዴ ለመጨረስ እንጣደፋለን፣ ዳታውም እየቆጠረ ነው፣ ማን ስክሪፕት ያነባል። ግን ሙሉውን አንብቡ አላልኩም፣ የተቀየረውን ብቻ። ያይ ልዩነቱን ላሳይህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ፓሩ የሚባለው የያይ አቻ ደግሞ ሳትጠይቁት ያሳያል። ጤነኛ አፕዴት እኮ አሰልቺ ነው፣ የቨርዥን ቁጥር ይቀየራል፣ ቼክሰም ይቀየራል፣ አለቀ፣ ሁለት ሶስት መስመር። የሚያስደነግጠኝ ቨርዥኑ ሳይቀየር የማውረጃው ሊንክ ወደ ሌላ ሳይት ሲዞር ነው፣ ወይ ቼክሰሙ የነበረበት ቦታ "ዝለለው" በሚል ሲተካ (ምንጩ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ከሆነ ይሄኛው የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ)፣ ወይ ድሮ ያልነበረ የኢንስቶል ፋይል ድንገት ሲጨመር። ያቺ በሩት የምትሮጠው ናት። እና ከርል ወይ ዊጌት መገንቢያው ውስጥ ካየሁ በቃ እዛው አቆማለሁ፣ ምንጭ የሚወርድበት የራሱ ቦታ ተዘጋጅቶለታል፣ ሌላ ቦታ ምን ይሰራል? ኤዩአር ከኦገስት 2015 ጀምሮ በጊት ስለሆነ የፓኬጁን ታሪክ ከፍታችሁ መጨረሻ ላይ የነካው ሰው ከቀድሞው የተለየ መሆን አለመሆኑን ማየት ትችላላችሁ፣ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው።

በፍላሽ የምንቀባበለው ነገርም አለ። አንዱ ዶርም ውስጥ ሰዓታት ፈጅቶ የገነባውን ለሌላው ይሰጠዋል፣ ዳታ ይቆጥባል፣ እኔም አልከለክልም። ግን አርች ላይ ከፍላሽ የሚጫን ፋይል ፊርማ ባይኖረውም ፓክማን ዝም ብሎ ይጭነዋል፣ የጓደኛችሁ ማሽን ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይመጣል። ከተቻለ የተገነባውን ሳይሆን ፒኬጂቢዩልዱንና የወረደውን የምንጭ ፋይል ተቀበሉና እናንተ ጋ ገንቡት፣ ቼክሰሙ ያኔ ስራውን ይሰራል።

መረከብ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ፣ ይሄ ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚህም ተከትሎን መጥቷል። አንድ ልጅ የሚጠቀምበት ፓኬጅ ከተሰበረ ወራት አልፎታል፣ ማስተካከያውን ራሱ ሰርቶ ይዞታል፣ የኦርፋን ጥያቄ ለማስገባት ግን "የሰው ነገር እንዴት እቀማለሁ" ብሎ ተቀምጧል። መቀማት አይደለም። መጀመሪያ ገጹ ላይ ኮሜንት ጻፍ፣ ማስተካከያህን ለጥፍ፣ ኮ-ሜንቴይነር (አብሮ ተንከባካቢ) ልሁን ብለህ ጠይቅ፣ ኢሜይል ላክለት። ብዙ ጊዜ ሰውየው "ወንድሜ ውሰደው፣ ገላገልከኝ" ነው የሚለው። ዝም ካለ ጥያቄህን አስገባ፣ የሞከርከውን ሁሉ እዛው ጥቀስ። ከተረከብክ በኋላ የመጀመሪያ ለውጥህ ትንሽ ትሁን፣ ሰው እንዲያነባት፣ አንተም ገና አታውቀውምና። እና የማትጠቀምበትን ፓኬጅ አትውሰድ፣ ፕሮፋይሉን ለማሳመር ሃምሳ ፓኬጅ የሚሰበስብ ሰው አለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሃምሳውም ተመልሶ ሜዳ ላይ ነው።

በሌላ በኩል የያዘው ሰውም ያው ይሉኝታ ነው የሚይዘው፣ "ተውኩት ብል ምን ይሉኛል" እያለ ስሙ ብቻ ተለጥፎ ዓመት ያልፈዋል። ይሄኛው ነው ጉዳቱ የሚብሰው፣ ስም ስላለበት ሁሉም ሰው ባለቤት ያለው ይመስለዋል። መልቀቅ ነውር አይደለም፣ አለቃቀቁ ነው። መጀመሪያ ኮሜንት ላይ መተውህን አሳውቅ፣ የሚበላሸው የት ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ፓች ለምን እንደገባ ሁለት መስመር ጻፍ። ከኮሜንት ሰጪዎቹ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚረባ ነገር ሲናገር ያየኸውን ሰው ጠይቅና በቅድሚያ ኮ-ሜንቴይነር አድርገው፣ ጥቂት ጊዜ አብራችሁ ስሩ። ከዛ ስትለቀው ፓኬጁ ኦርፋን ሳይሆን ቀጥታ ወደሱ ነው የሚያልፈው፣ አዶፕት የምትለው በተን ለመንገደኛው ጭራሽ አትታይም።